አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅ ትኬት

ማንያህልሻል ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት ካርቱም ውስጥ ቤት ተቆልፎባት ነበር። የምትሠራላቸው ሰዎች ለዘመድ ሠርግ ወደ ፖርት ሱዳን ሲሄዱ፣ ሠራተኛዋ እንዳትጠፋ ብለው የውጪውን በር ቆለፉ። ለጥቂት ቀን ነው የተባለው ጉዞ ረዘመ። ዱቄቱ አለቀ፤ ከዚያ ቴምር ብቻ ቀረ፤ ቴምሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ ቧንቧው መንጠባጠብ ጀመረ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነበረው። ጮኸች። በዚያ ሙቀት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ይተኛል፤ የሰማም ካለ በሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባኝ ብሎ ተወው።

ከአገር ይዛ የመጣችው አንድ ካሴት ነበራት፤ የድምፃዊ ፍቅረማርያም። መብራት ሲመጣ የሰዎቹን ቴፕ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ትከፍተዋለች። መብራት ሲጠፋ ዘፈኑን ራሷ ትቀጥላለች። ስለ ድምፅዋ እውነቱን መናገር ይገባኛል፤ ዘይት የጠማው የበር ማጠፊያ ነው። አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ የወንድ ድምፅ «ኧረ እሱ ስንኝ እንደዚያ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። የጎረቤቱ ሾፌር ሐበሻ ኖሯል። ቤተሰቡ ያለ መስሎት ዝም ብሎ ሲሰማት ሰንብቶ፣ ስሕተቷን መታገስ ሲያቅተው ነው የተናገረው። ነገሩን ስትነግረው አጥሩን ዘሎ በሩን ሰበረላት።

«ታዲያ አገባሽው?» ለሚሏት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ «ዘፈን እያረመ የሚኖር ባል ምን ይሠራልኛል?»

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከገባች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ኢስተን በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ከማንጠፍ ተነሥታ ዛሬ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ናት። ኖርዝላንድ ውስጥ ቤት ገዝታለች። ፍቅረማርያምን ግን አልለወጠችም። መኪናዋ ውስጥ ሌላ ዘፋኝ አይሰማም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመልሰን ሞርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን ደስ ይላታል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ቤት አንደርስማ።

የኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበር በየሰመሩ፣ ሙቀት ሲገባ፣ የሙዚቃ በዓል ያደርጋል። ቀን ፓርክ ውስጥ በነፃ ነው፤ ሲመሽ በአዳራሽ፣ በትኬት። ባለፈው ዓመት ፍቅረማርያም መጣ። ትኬቱ በኢንተርኔት ተለቀቀ። ማንያህልሻል መነጽሯን አግኝታ፣ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ቁጥሩን ስታስገባ «አልቋል» አላት። ወዲያው እነዚያው ትኬቶች በእጥፍ ዋጋ ሌላ ቦታ ብቅ አሉ። ለአንዱ ሻጭ ደወለችለት። ስለ ፍቅረማርያም ምን እንደሚያውቅ ብትጠይቀው፣ «ኮሜዲያኑ አይደለም?» አላት። ስልኩን ዘጋችበት። ያን ምሽት የአዳራሹ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መስኮቷን ከፍታ ተቀምጣ፣ በግድግዳው በኩል ከበሮውን ብቻ ስትሰማ አመሸች። እሱንም ጥበቃው መጥቶ «እዚህ መቆም አይቻልም» አላት።

ዘንድሮ ፍቅረማርያም እንደገና ይመጣል ተባለ። ጉልበቱ ስለደከመ ከዚህ በኋላ ባሕር ማዶ እንደማይዘፍንም ተሰማ። ማንያህልሻል ይህን እንደሰማች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብድግ ብላ የበዓሉ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ አለች። አስገቧት። ያላስገቧት እንደሆን ምን እንደምትሆን ሁሉም ያውቃል።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ደጀን ነው፤ ኖርዝላንድ የባልትና ሱቅ አለው። ፀሐፊዋ ቃልኪዳን ነርስ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ጥሩ የሆነ ልጅ። ሙሳ የድምፅ ማጉያዎቹን ይመራል። እኔ በሽምግልና ተጨምሬ ነበር።

«እትዬ ማንያህልሻል» አላት ደጀን፣ «ትኬት ማለት ቲማቲም ነው። ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል።»

«ባንተ ሱቅ ቲማቲምማ ከሆነ፣ ቀድሞ የደረሰም የበሰበሰ ነው የሚወስደው።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ለሚወደው ሰው ይድረስ።»

«የሚወደውን በምን እናውቃለን?» አለ ሙሳ። «በዘፈኖቹ ፈተና እናውጣ?»

«ፈተና ካወጣህማ ሐበሻ ይኮርጃል» አለ ደጀን።

በመጨረሻ የማንያህልሻል ሐሳብ አለፈ። እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ በየዓመቱ ማን እንደሚመጣ፣ ማን ዝናብ ሳይበግረው ሲጨፍር እንደሚውል የታወቀ ነው። ለነዚህ ሰዎች በስልክ ተደውሎ አንድ አንድ ትኬት በየስማቸው ይያዝ፤ በር ላይ መታወቂያ ይታይ፤ ለሌላ ማስተላለፍ አይቻል። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ያልተያዘው ኢንተርኔት ላይ ይውጣ።

«አንቺ ለወዳጆችሽ ደጋግመሽ ትደውያለሽ» አላት ደጀን።

በዚህ ተቆጣች። «እንግዲያው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቅ! አዎ ያለ ይወስዳል፤ አይ ያለ ያልፈዋል። እኔም ብሆን! የምትደውለውም ቃልኪዳን ትሁን፤ እሷ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ስለማታውቅ አታዳላም።»

አጨበጨብን። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው አዋቂዎች ለአንዳችንም የሠራነው ስሕተት አልታየንም።

ቃልኪዳን ከሥራ ስትወጣ መደወል ጀመረች። መጀመሪያ የደወለችው ለጀማነህ ነበር። ጀማነህ ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ የበኩር ልጁን ፍቅረማርያም ያለው በዘፋኙ ስም ነው።

«ሄሎ ጋሼ፣ ለፍቅረማርያም ኮንሰርት ትኬት ይፈልጋሉ?»

«አይ ልጄ፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ። ለወጣቶቹ ስጡ።»

«ኦኬ ጋሼ፣ ታንክ ዩ!»

ጀማነህ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መልሳ እስክትደውል ሲጠብቅ አመሸ።

ሮማን ደግሞ፣ «እኔ አሮጊቷ እዚያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለቻት። ቃልኪዳን በነርስነቷ አዘነችላትና፣ «ትክክል ነዎት፣ ቢያርፉ ይሻላል» አለቻት። ሮማን እስከዛሬ ያን ቃል አልረሳችም።

ለእኔም ተደውሎልኝ ነበር። «የታደሉት ይሂዱ» አልኩ። ይህ እምቢታ አይደለም። ደንብ የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ነው። ልጅቱ ግን «ሃቭ ኤ ጉድ ናይት» ብላ ዘጋችው።

ማንያህልሻልን ያገኘቻት ሥራ ላይ ነው። ማንያህልሻል በዚያች ቅጽበት ያሰበችው፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ሆኜ ቀድሜ አዎ ካልኩ ለራሷ ነው ያወጣችው ይሉኛል ብላ ነው። «አይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ሕዝቡ ይዳረስ። እኔ ይቅርብኝ» አለቻት።

«ዋው፣ እትዬ! በጣም ጥሩ ሰው ነዎት!» አለች ቃልኪዳን። ተዘጋ። ማንያህልሻል አንሶላ እንደታቀፈች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ደጀን ሱቅ ጓሮ ተሰበሰብን። ቃልኪዳን ፊቷ ጠቁሯል።

«ስለ ፍቅረማርያም አዝኛለሁ» አለች። «ማንም አይወደውም። ሁሉንም ኮል አደረግኳቸው፤ ኦልሞስት ኤቭሪባዲ አልፈልግም አለ።»

«ማን ማን?» አልናት።

«ጋሽ ጀማነህ…»

«ጀማነህ!» አለ ሙሳ። «ልጁን በስሙ የጠራው ሰውዬ?»

«አዎ የሚል የለም እንዴ?» አለ ደጀን።

«ሃኒ እና ጓደኞቿ። እዚህ የተወለዱት በሙሉ አዎ ብለዋል።»

ደጀን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «በቃ፣ ነገ እኩለ ቀን ኢንተርኔት ላይ እንለቀዋለን። የማንያህልሻል ወዳጆች ተጠይቀው አንፈልግም ብለዋል።»

ማንያህልሻል ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «እምቢ አላሉም!»

«እትዬ፣ ኖ ብለዋል እኮ» አለች ቃልኪዳን። «‹አትቸገሩ› ማለት ኖ አይደለም?»

ሁላችንም ተያየን።  ሙሳ ሊያስረዳት ሞከረ።

«ስሚ፣ ቤትሽ እንግዳ ይመጣል። ምግብ ታቀርቢለታለሽ። ‹በልቼ ነው የመጣሁት› ይልሻል። ምን ታደርጊያለሽ?»

«አነሣዋለሁ። በልቷላ!»

«አየሽ፤ አንቺ ቤት የመጣ ሁሉ ጾሙን የሚሄደው ለዚህ ነው።»

ቃልኪዳን አፏን በእጇ ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ። የናቴ ጓደኞች…»

«እንደገና ይጠየቁ» አለች ማንያህልሻል። «ሦስት ሦስት ጊዜ።»

ደጀን ሳቁን አቁሞ ወንበሩን ተደገፈ። «አይሆንም። አንድ ጊዜ ብለሽ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። አንቺም ተጠይቀሽ ይቅርብኝ ብለሻል። አሁን ሕጉን የምትለውጪው ለራስሽ ነው።»

ጥይቱ ዒላማውን አልሳተም።  ሕጉ ካልተለወጠ ትኬቱ ነገ ለእነዚያ ነጋዴዎች ነው፤ ከተለወጠ የሚጠፋው ስሟ ነው። ፍቅረማርያም ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም።

«እሺ» አለች። «ሌሎቹ ይጠየቁ። እኔን ከሰው ሁሉ መጨረሻ አድርጉኝ። ከተረፈ ተረፈ፤ ካልተረፈም መኪና ማቆሚያው ያውቀኛል።»

ደጀን ወደ እኔ ዞረ። እኔም በሽምግልናዬ ይጽና አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ሱቅ ቃልኪዳን ሁላችንም እንድንሰማ የስልኳን ድምፅ ማጉያ ከፍታ መደወል ጀመረች። ማንያህልሻል አጠገቧ ተቀምጣ ታሠለጥናታለች።

«መጀመሪያ አይ ይልሻል። ዝም በይ። ከዚያ ‹በሞቴ› በይው።»

«እትዬ፣ እኔ ነርስ ነኝ። በሞቴ አልልም!»

«በይ፣ ይሠራል።»

ለጀማነህ ደወለች። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።

«አይ ልጄ፣ ለእኔ እንኳ…»

«በሞቴ ጋሼ!»

«ምን ሞት ጠራሽ አንቺ ልጅ! ካልሽማ ምን አደርጋለሁ፣ አንድ ያዢልኝ። ለነገሩ ልብሴን ለላውንደሪ ሰጥቻለሁ።»

ሮማን ሦስቱንም ጊዜ አስጠየቀች። ከዚያ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደፊት፣ ከዳር በኩል፣ ከማራገቢያው ራቅ ያለ ወንበር እንዲሆንላት ነገረቻት። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለ ተደወለልኝ፤ በሁለተኛው ተስማማሁ። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ የጸና አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። አራተኛ ጊዜ ይጠየቅ ወይስ ይቅር ብለን ስንከራከር ሚስቱ ስልኩን ነጥቃ፣ «የሥራ ተራው ነው፣ ተውት! የሱን ለኔ ስጡኝ!» አለች። አንቺም ተጠየቂ ብለን በስሟ ያዝንላት።

እኩለ ቀን ሲቃረብ የሚደወልለት አለቀ። አንድ ወንበር ቀረ፤ ሙሳ ከምሰሶ ጀርባ ስለሆነ ማንም አይፈልገውም ያለው ወንበር።

ቃልኪዳን ስልኳን አነሣችና ደወለች። እዚያው አጠገቧ የማንያህልሻል ቦርሳ ጮኸ። ቦርሳዋን አየችው፣ እኛን አየችን፣ ስልኩን አነሣችው።

«ሄሎ እትዬ፣ ለፍቅረማርያም ኮንሰርት ትኬት ይፈልጋሉ?»

ደጀን እጁን አጣጥፎ ያያታል። አፏ «አ» ብሎ ሲከፈት አይቻለሁ፤ «አይ» ልትል ነው። ሁላችንም ያንን ነው የጠበቅነው። ቃልኪዳን እንኳ «በሞቴ»ን አዘጋጅታ ነበር።

«እፈልጋለሁ» አለች ማንያህልሻል።

 ቃልኪዳን ግራ ገብቷት በሠለጠነችው መሠረት ቀጠለች። «በሞቴ እትዬ?»

«እፈልጋለሁ አልኩሽ እኮ! ስልኩን ዝጊና ትኬቱን ያዢልኝ!»

«ምን ዓይነት ሴት ናት?» አለ ደጀን ለእኔ። «ገና በመጀመሪያው አዎ!»

በዓሉ ደረሰ። በር ላይ መታወቂያ ታየ፤ ውጪ ትኬት የሚቸበችብ አንድም ሰው አልነበረም። ጀማነህ በላውንደሪው ልብስ መጣ። ሮማን የጠየቀችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ማራገቢያ ናፈቃት። ማንያህልሻል ከምሰሶው ጀርባ ነበረች። ፍቅረማርያም ወደ ግራ ሲያዘነብል ክርኑ ይታያታል፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ምንም የለም። ሙሳ ቦታ ልቀይርልሽ ቢላት አልተነሣችም።

በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ አገኘኋት። «ከዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር የቱ ነው? እሱን ማየትሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የቱን አየሁት?» አለች። «ክርን ነው ያየሁት። ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም። ዕድሜዬን በሙሉ የምፈልገውን ነገር ሌላ ሰው ገምቶ፣ ለምኖ እንዲሰጠኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የሚገምት ሲጠፋ አለቅሳለሁ። ያን ቀን ሁላችሁም እያያችሁኝ እፈልጋለሁ አልኩ። ፊቴ ነደደ እንጂ ጣሪያው አልወደቀብኝም። ጀማነህም ገባ፣ ሮማንም ገባች፣ እኔም ገባሁ፤ ማንም የማንንም አልነጠቀም። ትልቁ ነገር እሱ ነው። ደጀን እያየኝ መሆኑ ደግሞ… እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።»