ሠላሳ የማሽላ ፍሬ

አባቴ ከሰቆጣ ማዶ ባለችው ዝቋላ ወረዳ ውስጥ ቄስ ናቸው። መንገድን በኪሎ ሜትር አያውቁትም። በእግራቸው እኔ ወዳለሁበት ወደ ሰቆጣ ከተማ ሲመጡ መቁጠሪያቸውን ይዘው አርባ አንድ ጊዜ ኪራላይሶን ይላሉ፤ ያ አንድ ዙር ነው። በየዙሩ፣ ሲነሱ ቆጥረው ከያዙት አንድ የማሽላ ፍሬ ከቀኝ ኪሳቸው ወደ ግራው ያሻግራሉ። ቀኙ ባዶ ሲሆን ከተማው ደርሰዋል። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ቀዶ ጥገናው ጎንደር ነው ተባለ። ያን ሁሉ የመኪና መንገድ እንደማይችሉ ሐኪሙ ስለነገረኝ፣ እስከ ላሊበላ በመኪና አዝግመን ከዚያ በአውሮፕላን ልንሄድ ሆነ። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ባጃጅ ቁልቁለት ሲወርድ እንኳ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ተቀምጠን በረራ ስንጠብቅ፣ «በመቁጠሪያ ስንት ይሆናል?» አሉኝ።

ሠራተኛዋ በረራው አርባ አምስት ደቂቃ ነው ብላኝ ነበር። አንድ ዙራቸውን በስልኬ ለካሁና አካፍዬ፣ አዋቂ መስዬ፣ «ሠላሳ ዙር ነው አባ» አልኳቸው። ሠላሳ ፍሬ ቆጥረው ቀኝ ኪሳቸው ከተቱ። የተረፈውን እኔን አስያዙኝ።

አውሮፕላኑ ተነሳ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥራሉ። ጎንደር ላይ ደመና ስላለ ጥቂት እንዞራለን ሲባል እኔ ሰማሁ፤ እሳቸው አልሰሙም። አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲጋደል ወንበሩን ጨምድጄ ያዝኩ።

ሠላሳኛዋ ፍሬ ተሻገረች። አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው በመስኮቱ አዩ፤ ደመና ብቻ ነው። ቀኝ ኪሳቸውን ገለበጡና መቁጠሪያውን መዳፌ ላይ አኖሩት።

«መንገዱ አልቋል ልጄ። እኛ ግን ምድር ላይ አይደለንም። የኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዝቋላ መልሱኝ፤ ከእናትሽ ጎን።»

ክው አልኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከልባቸው አምነውታል፤ እንዲህ ያመነ ደካማ ሰው እዚያው ወንበሩ ላይ እንደሚቀር ታየኝ። በማካፈል ሒሳብ አባቴን ልገድላቸው ነው።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አባ! ገና አንድ ዙር ይቀራል!» አልኩና ከያዝኩት ፍሬ አንዷን ቀኝ ኪሳቸው ከተትኩ።

ኪሳቸውን ዳሰሱ። «እንግዲያው አንቺ ቁጠሪው። እኔ ደከመኝ።»

ቆጠርኩ። አውሮፕላኑ በተጋደለ ቁጥር አቆማለሁ፣ እንደገና እቀጥላለሁ። ሃያ ሦስተኛው ኪራላይሶን ላይ ጎማው መሬቱን ሲመታ ጮኽኩ፤ ቆጠራውም በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ከቀዶ ጥገናው ሲወጡ፣ እስኪነቁ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ በፍርሃት አለቅኩ። በመጨረሻ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ስንት ላይ ተውሽው?»

«ሃያ ሦስት ላይ።»

«ታዲያ መች ደረስን? ጨርሺው እንጂ!»

የቀረውን አሥራ ስምንት እያለቀስኩ ጨረስኩ። ከዚያ የተሰቀለውን ኮታቸውን አውርጄ፣ ፍሬዋን ወደ ግራው ኪስ አሻገርኳት።