የአጥንቱ ህንድ አውራ ጣት

የረጠበ ጀሶ፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ዝናብ ሲመታው የሚሸተውን ይሸታል። ባለፈው ሳምንት የልጄን ልጅ መቅደስን ባጃጅ ተገልብጦባት፣ ክንዷ ተሰብሮ ሸዋሮቢት ሐኪም ቤት ይዣት ስገባ ያ ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ። ይቀመጡ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። የተሰበረው የእሷ ክንድ ነው፤ እኔን የጠዘጠዘኝ ግን ግራ እግሬ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት የተሰበረው።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ማሽላችን እሸት ይዞ ወፍ እጠብቃለሁ። የማማውን ርብራብ ምስጥ በልቶት ኖሮ ከነወንጭፌ ይዞኝ ወረደ። ቅልጥሜ እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቴ አዝሎ ሸህ ሰይድ ዘንድ ወሰደኝ። ሸህ ሰይድ የዚያ ቆላ ወጌሻ ነበሩ፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ ሰውም ግመልም ይጠግናሉ። ቢስሚላህ ብለው ጎትተው አቃኑትና በቀርከሃ ስንጥር ደግፈው በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። በእኛ አገር ደግሞ ወጌሻ ያሰረውን ያው ያሰረው እጅ ነው የሚፈታው። ሌላ ከነካው አጥንቱ ይቀየማል፣ አይገጥምም ይባላል። የሚስቅበት አልነበረም፤ ዛሬም የማይስቁ አሉ።

በሦስተኛው ቀን እግሬ አበጠ። ጣቶቼ ነደዱ፣ ከዚያ ደነዘዙ፣ ከዚያ እንደ ቴምር ጠቆሩ። ማቃጠሉ ሲተወኝ ዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ግን ዳብሳቸው ፊቷ ተለወጠ።

"ቀዝቅዟል" አለች።

ሸህ ሰይድ ቢፈለጉ ለልቅሶ ካራቆሬ ሄደዋል ተባለ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን፣ ሩቅ ካለ ትልቅ ሆስፒታል በላንድሮቨር እየመጣ ጤና ጣቢያችን የሚውል አንድ ህንድ ሐኪም ነበር። ስሙን መጥራት ቢያቅተን የአጥንቱ ህንድ አልነው። አጠር ያለ፣ ጸጉሩ በቅባት የተኛ፣ የሸሚዙ ኪስ ብዕር ያፈሰሰበት ሰው ነው። ሲሠራ ቅርንፉድ ያኝካል። የጤና ጣቢያው ሽታ ጀሶና ቅርንፉድ ነበር።

እግሬን ይይልን ብለው ወሰዱኝ። ገና ሲያየኝ መቀስ አነሳ። አባቴ እጁን ያዘው።

"ያሰረው ይፍታው።"

ህንዱ ብዙ ተናገረ። የሚያስተረጉምለት የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሼ ተፈራ ነበር። "እግሩ እየሞተ ነው፣ ከዋለ ካደረ ይቆረጣል ነው የሚልህ" አለው ላባቴ።

"አጥንቱ ከተቀየመስ? እሱ ነው የሚያስታርቀው?" አለ አባቴ።

ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ይኸው። በር ላይ የተሰበሰበው ገበያተኛም ከአባቴ ጋር ቆመ። ጨርቁን በግድ ቢቆርጡት አባቴ አዝሎኝ ሊወጣ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ህንዱ አባቴን አየው፣ እግሬን አየው፤ መቀሱን አስቀመጠ። ሾፌሩን ጠርቶ ላንድሮቨሩን ወደ ካራቆሬ ሰደደው፣ ሸህ ሰይድን እንዲያመጣ።

ከዚያ በርጩማ ስቦ እግሬ ስር ተቀመጠ። የእግሬን ጥፍር በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ያያል። ደግሞ ይጫናል። ምን እንደሚያይ አላውቅም፤ እኔ የማየው ፊቱን ነው። ቅርንፉዱን ማኘክ ትቷል። መኪና በተሰማ ቁጥር ሁላችንም ጆሯችንን እናቆማለን፤ የጭነት መኪና ሆኖ ያልፋል። እናቴ ከውጭ ስለት ስትሳል ይሰማኛል። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ከአልጋው እግር ተነስቶ እስከ ጉልበቴ መጣ።

ሸህ ሰይድ ሲገቡ ህንዱ ብድግ ብሎ በርጩማውን ለቀቀላቸው። አልተቆጣቸውም። የራሱን ጥፍር ተጭኖ አሳያቸው፤ ነጣ፣ ሲለቀው ቀላ። የእሳቸውን ተጫነ፤ ነጣ፣ ቀላ። የእኔን ተጫነ፤ እንደጠቆረ ቀረ። ሸህ ሰይድ በራሳቸው ጣት ሦስቴ ሞከሩት። ላብ ወረዳቸው።

"ያጠበቅሁት እኔ ነኝ" አሉና ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት።

ሁለት ጣቶቼ ሄዱ፤ እግሬ ተረፈ። ህንዱ ከሥር ብቻ ጀሶ አድርጎ፣ ላዩን ክፍት ትቶ አሰረልኝ፤ ሸህ ሰይድ እግሬን ደግፈው ያዙለት። ያን ቀን ጨርቁን ለምን በግድ አልቆረጠውም፣ ጣቶቼ ይተርፉ ነበር እያልኩ የተቀየምኩበት ዘመን ነበር። በኋላ ጋሼ ተፈራ እንደነገረን የህንዱ አባት ባገሩ ወጌሻ ነበሩ አሉ። በግድ የተፈታ ሰው ተመልሶ ሐኪም ዘንድ እንደማይመጣ ከቤቱ ነው ያወቀው። እውነትም ከዚያ ወዲህ ሸህ ሰይድ ጣት ሳይሸፍኑ ነበር የሚያስሩት። ማታና ጠዋት ጥፍር ይጫናሉ፤ ካልቀላ ራሳቸው ፈትተው ወደ ህንዱ ይልካሉ። እኔ የማውቃቸው ስንት ልጆች በሙሉ ጣታቸው ሄደዋል።

አንድ የገበያ ቀን ላንድሮቨሩ ሌላ ሐኪም ይዞ መጣ። ህንዱ አገሩ ገባ አሉ። ፎቶ እንኳ የለንም።

እንግዲህ መቅደስ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ወጣች። እጇን ያዝኩ። አንድ ወጣት ሐኪም ቆሞ አየኝና፣

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለኝ።

"ጥፍሯን እያየሁ።"

"እኔ አይቼዋለሁኮ።"

"እኔ አላየሁም" አልኩት።

ተጫንኩት። ነጣ። ለቀቅሁት፤ እስኪመለስ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ቀላ። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።