የአስተርጓሚው ድምፅ

ካለፈው ዓመት ወዲህ ፕላስቲክ ሲቃጠል ከሸተተኝ መቀመጫ አጣለሁ። ዛሬም ጎረቤቴ ፌስታል እያቃጠሉ ነው፤ መስኮቱን ዘጋሁት፣ ሽታው ግን አስቀድሞ ገብቷል። ኡፍ! በቃ ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ አይለቀኝም።

በልጅነቴ ጋሞ ደጋ ላይ፣ ጨንቻ ነበርን። ከሰሜን የመጡ አንድ መነኩሴ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ይሰብኩ ነበር፤ በአማርኛ። የደጋው ሰው አማርኛ ብዙም አይሰማም ነበርና ሸማኔው አባቴ አጠገባቸው ቆሞ ወደ ጋሞኛ ይመልሰዋል። ጉሙ ግቢውን ሞልቶት፣ የረጠበ ጋቢ እየሸተተኝ፣ እሳቸው ጥቂት ይላሉ፣ አባቴ ይቀበላል። አንድ የከተማው መምህር ደግሞ በቴፕ ይቀዳቸዋል።

አንድ ቀን መነኩሴው «ሰው ኃጢአቱን ይደብቃል፤ ከእግዚአብሔር ዓይን ግን አያመልጥም» አሉ። አባቴ በጋሞኛ ሲመልሰው ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እንባቸውን ሲጠርጉ የነበሩት አሮጊቶች እንኳ አልቀሩም።

«ምን አልካቸው?» አሉ መነኩሴው፣ እሳቸውንም ሳቅ ይዟቸው።

«ያሉትን ነው፣ አባታችን። ክሩ የተበጠሰውን ጋቢ አጥፈህ ገበያ ብታወጣው፣ ገዢው መዘርጋቱ አይቀርም አልኳቸው።»

ሸማኔው የጨንቻ ሰው ታዲያ ይህን ሰምቶ እንዴት አይስቅ! ስንቱ አጥፎ ሸጧል።

ሁለቱም አረፉ። አባቴ ፎቶ እንኳ የለውም፤ ድምፁ የቀረው እነዚያ ካሴቶች ላይ ብቻ ነበር። አርባ ምንጭ ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች «ቅርስ እናድን» ብለው ካሴቶቹን ከመምህሩ ልጆች ተረክበው ወደ ኮምፒውተር ሊገለብጡ ነው ሲባል እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አምና አለቀ ሲሉኝ ሄድኩ። ከአዳራሹ ጀርባ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚሸት ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል።

ሥራውን የሚመራው ወጣት ፍላሹን በሁለት እጁ ሰጠኝ። «እትዬ፣ አጽድተነዋል። ሳሉን፣ ዝናቡን፣ አስተርጓሚውንም አወጣነው። ያው አባ ያሉትን ነው የሚደግመው።»

«አባቴን ነው ያጸዳችሁት?»

ካሴቶቹስ ስለው ወደ ጭሱ አየ። «ሻግተው ነበር እኮ፣ እትዬ...»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለስንብት እጁን ሲዘረጋልኝ መጨበጥ ቀፈፈኝ። ቅርስ አዳኝ ተብዬ ሁላ! ቤቴ ገብቼ ስሰማው ደግሞ ከስብከቱ ሥር የማን እንደሆነ የማላውቀው በገና ያንጎራጉራል።

ፍላሹን ግን አልጣልኩትም። አንድ ቦታ ላይ መነኩሴው ስለ ኃጢአት ይናገራሉ፤ ወዲያው ሕዝቡ ይስቃል። ሳቁ ደስ ብሏቸው ነው መሰለኝ አልቆረጡትም። በምን እንደተሳቀ ግን የሚሰማው ሰው አያውቅም። «ምን አልካቸው?» ይላሉ መነኩሴው፤ ከዚያ በገናው ብቻ።

እዚያ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ አቆመዋለሁ። «ያሉትን ነው፣ አባታችን» እላለሁ፣ በአባቴ ፈንታ።