በር ላይ የቀረው ግማሽ

የታሰርኩት ስለ አንድ ልቦለድ በጻፍኩት አስተያየት ነው። በዘጠናዎቹ ውስጥ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ እተች ነበር። ስለዚያ ልቦለድ ስጽፍ፣ ደራሲው ጨካኙን ገዢ ሲስል ብዕሩ አልተንቀጠቀጠም አልኩ። መርማሪው «ገዢው ማነው?» አለኝ። ገጸ ባሕርይ ነው አልኩት። «ስሙን ተናገር» አለ። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ስም ነገርኩት፤ አጎንብሶ ጻፈው። ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን አልሳቅኩም።

ከዚያ ልደታ ወደሚገኝ አንድ ማቆያ ወሰዱኝ። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ባልዲ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው የተደረደሩ ሰዎች አየሁ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ከፍራሻቸው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ሁሉም «ሐጂ» ይሏቸዋል። የወሎ ሰው ናቸው፤ ተክለ ሃይማኖት የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው የልባቸውን በመናገራቸው ነው የመጡት። መነጽራቸውን በር ላይ ወስደውባቸዋል።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«መጽሐፍ አነባለሁ።»

«እሱንማ እኔም አነብ ነበር። የምትበላበትን ነው የጠየቅኩህ።»

በዚያ ክፍል መጽሐፍ ሙሉውን የሚያነብ ሰው አልነበረም። የገባው ሁሉ ከስፌቱ ላይ ተቀድዶ ይከፋፈላል፤ አንዱ መጀመሪያውን ሲይዝ ሌላው መሐሉን፣ ሌላው መጨረሻውን ይዞ ይቀመጣል። ተራው ያልደረሰ ያገኘውን ያነባል። አንድ የአብነት ሰፈር መካኒክ አብሮን ታስሮ ነበር፤ የአንዱን ባለ ታሪክ ሞት አንብቦ ካለቀሰ በኋላ ልደቱ ደረሰው። «ወይ ጉዴ! ሕፃን ሆኖ ሳየውማ ይባስ አንጀቴን በላው» አለ።

እህቴ ይህን ልማዳችንን ሰማች። አንድ አዲስ ልቦለድ ገዝታ፣ እቤቷ ለሁለት ቀድዳ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ከስንቁ ጋር ላከችልኝ። ታሪኩ በአንዲት ትንሽ ከተማ ስለምትኖር አስተማሪ ነው፤ ያልሠራችው ወንጀል ተለጥፎባታል። ሐጂ ያለ መነጽር ስለማያዩ፣ ከሰዓት በኋላ በበሩ ፍርግርግ በሚገባው ብርሃን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸው ጀመር። ቀስ በቀስ ክፍሉ በሙሉ ዙሪያችን ተኮለኮለ። እውነቱን ለመናገር ደራሲው ዝናብ ይወዳል፤ አንድ ዝናብ ጀምሮ ቶሎ አያባራለትም። ሰዎቹን ሲያናግራቸው ግን ጎበዝ ነው። ዳኛው አስተማሪዋን አስጠርቶ «ይቅርታ ጠይቂና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ» አላት። እሷ ቀና ብላ አየችውና አፏን ከፈተች። የእህቴ ቅዳጅ እዚያ ላይ አለቀ።

ክፍሉ በእሪታ ተሞላ። መካኒኩ «እህትህ ምን ነካት!» እያለ ራሱን ያዘ። ሁለተኛው ግማሽ በሚቀጥለው የመጠየቂያ ቀን መጣ፤ በር ላይ ግን ተያዘ።

የማቆያው ኃላፊ የሆነው ኮማንደር አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የልቦለዳችን ሁለተኛ ግማሽና ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወፍራሙ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን የሕይወት ታሪክ ነበር።

«ሐያሲ ነህ አሉ» አለኝ። «ቅዳሜ ከበላይ እንግዶች ስለሚመጡ የንባብ ውይይት ይኖራል። በዚህ መጽሐፍ ላይ አስተያየት ትሰጣለህ። ሁለት ሦስት ጥሩ ነገር ካልክ ልቦለድህ ይገባል።»

«ካላልኩስ?»

«የተማርክ ሰው ነህ፤ ይገባሃል።»

ተመልሼ ስነግራቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። መካኒኩ «ሁለት ጥሩ ቃል ምን አላት? በላቸውና እናንብብ!» አለ። አንዳንዶቹ እሱን ደገፉ፤ ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ወደ ሐጂ ዞርኩ፤ የአስተማሪዋን ነገር ለማወቅ ከሁሉም በላይ የጓጉት እሳቸው ነበሩ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«መጀመሪያ አንብበው» አሉኝ። «ሳይለካ ጨርቅ አይሸጥም።»

አነበብኩት። አንድ ደግ ገጽ ባገኝ ብዬ ከልቤ ተመኝቼ ነበር፤ እሷን ይዤ እገላገል ነበርና።

ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ስር ሰበሰቡን። እንግዶቹ ወንበር ላይ፣ እኛ መሬት ላይ። ስሜ ሲጠራ ቆምኩ።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ጥራዙም ጠንካራ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ኮማንደሩ ራሱን ነቀነቀልኝ። «ሰውዬውን ግን ፈልጌ አጣሁት። በልጅነቱ እናቱ አልተቆጣችውም። ካደገ በኋላ አንድ ቀን አልፈራም፣ አልተሳሳተም፣ ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ሰው ልቦለድ ውስጥ ባገኝ ደራሲውን ሂድና እንደገና ጻፈው እለው ነበር። ለባለ ታሪኩ አዝናለሁ። ወዳጆቹ በቁሙ ሐውልት አድርገውታል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ መካኒኩ ነበር። አንዱ እንግዳ ሰዓቱን አየ። እኔ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ለብቻዬ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ስለዚያ ክፍል ብዙ አልጽፍም። ፈርቼ ነበር፤ ተናድጄም ነበር፤ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። ያነበብኳቸውን ልቦለዶች በሐሳቤ እየገለጥኩ አንድ በአንድ ተቸኋቸው፤ ድሮ ያሞገስኳቸውን ሳይቀር።

ወደ ክፍሌ በመለሱኝ ቀን ኮማንደሩ አብሮ መጣ። ሁለተኛውን ግማሽ በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት» አለ። «ይህ ልጅ የተናገረው ስሕተት ነው ይበሉና መጽሐፉን ይውሰዱ።»

ሐጂ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ኮማንደሩ የቆመበትን በድምፁ ለይተው ፊታቸውን ወደ እሱ አቀኑ።

«የወሰዳችሁብኝ መነጽሬን ነው፤ ጆሮዬን አይደለም። ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ልክ ነው።»

ኮማንደሩ ወደ መካኒኩ ዞረ። መካኒኩ መጽሐፉን አየ፣ ምራቁን ዋጠ፣ «እኔም ሰምቻለሁ ጌታዬ» አለ። ሌላ የጠየቀው ሰው የለም። በሩ ተዘጋ።

ያን ከሰዓት በኋላ ልቦለዱን እኛው ጨረስነው። አንዱ ዳራት፣ አንዱ ከአገር አስወጣት። ሐጂ ሁሉንም ሰምተው «ይቅርታ አትጠይቅም» አሉ። ለምን ስንላቸው «ያላጠፋችውን?» አሉና በዚያው ዘጉት።

ዛሬም መጻሕፍት እተቻለሁ። አዘጋጆች አንዳንዴ «ትንሽ ብታለዝበው» ይሉኛል፤ አላለዝብም። የዚያን ልቦለድ ሙሉ ቅጂ ያገኘሁት ከተፈታሁ ከዓመታት በኋላ ነው። አንብቤ እንደ ጨረስኩ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ሐጂ ለአንዲት ሴት ጨርቅ እየለኩ ነበር።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ጠየቀች?»

ለእኚህ ሰው ብዋሽ የሚጎዳ አልነበረም። አልቻልኩም።

«ጠየቀች ሐጂ። ዳኛው እግር ላይ ወድቃ።»

ጨርቁን ለክተው ጨረሱ። ከዚያ መቀሱን አነሡ።

«እንዲያ ከሆነ ጸሐፊው ታስሮ አያውቅም» አሉና ቆረጡት።