ጋሽ ድልድይ ልጁን ሲድር

ስሙ ዘውዴ ነው፤ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር ውስጥ ግን በዚህ ስም ብትጠይቁ የሚያውቀው አታገኙም። ጋሽ ድልድይ ካላችሁ ሕፃን እንኳ ቤቱ ድረስ ይወስዳችኋል። ይህ ሰው ድልድይ ይፈራል፤ ፍርሃቱንም እንደ ሌላው ሰው ደብቆ አይዝም፤ በየለቅሶው በየልደቱ ያካፍላል።

ዳንፎርዝ ሰፈር ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ባቡሩ ከሸለቆው በላይ ያለው ትልቁ ድልድይ ላይ ሲደርስ ሁለት እግሮቹን ከወለሉ ያነሳል። ምን ሆነህ ነው ሲሉት፣ ክብደት እየቀነስኩ ነው ይላል። ከጎኑ ትልቅ ሻንጣ የያዘ ፈረንጅ ከተቀመጠ ደግሞ ሰውየውን ትቶ ሻንጣውን ይገላምጣል። ሚስቱ የኔነሽ በዚህ የተነሳ ከእሱ ርቃ ነው የምትቀመጠው። አይፈረድባትም።

ምክንያት ግን አለው። ከጎንደር ወጥቶ ቶሮንቶ እስኪገባ ድረስ የኖረው እስራኤል ነው። በፈረንጆቹ 1997 ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ አይሁድ ስፖርተኞች እዚያው ለሚያደርጉት ውድድር መክፈቻ ወደ ስታዲየሙ ሲሰለፉ፣ ለእግረኛ የተሠራው ድልድይ የአውስትራሊያን ቡድን እንደያዘ ተደርምሶ ወንዝ ውስጥ ጣላቸው። አራት ሰዎች ሞቱ። ዘውዴ ያን ጊዜ ወንዙ ዳር ቆሞ ሰልፉን ያይ ነበር። ይህንን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳወራው አይታወቅም፤ "እጃቸውን እያውለበለቡ ነበር" ብሎ ሲጀምር አድማጮቹ "ከዚያ ቋ አለ" ብለው ይቀጥሉለታል። እሱ አይቀየምም። መጨረሻው ሁሌም ያው ምክር ነው፤ ድልድይ የሚሻገሩት አንድ ባንድ ነው።

አንድያ ልጁ ሩሃማ ስታገባ የጨነቃት አዳራሹም ምግቡም አልነበረም፤ አባቷ ነበር። ፎቶ የምትነሳው ኖርዝ ዮርክ ካለ መናፈሻ፣ ትንሽ ወንዝ ላይ በተዘረጋች የእንጨት ድልድይ ላይ ነው። ጓደኞቿ ሁሉ ሲዳሩ እዚያ ተነስተዋል፤ እሷስ ከማን ታንሳለች? ጠዋት ክራቫቱን እያሰረችለት ለመነችው።

"ዳዲ ፕሊስ፣ ለዛሬ ብቻ ስለ ድልድይ አንዲት ቃል እንዳትናገር። ፕሮሚስ አድርግልኝ።"

ቃል ገባ። የኔነሽ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ እስከ ምሳ እንኳ አይችልም አለች።

ከምሳም በኋላ ቻለ። መናፈሻው ሲደርሱ ሙሽሮቹ ድልድይዋ ላይ ወጡ። ሚዜዎቹ ተከተሉ። የሐበሻ ሰርግ ላይ ፎቶ ሲባል የሚቀር ሰው ስለሌለ አክስቶቹ ወጡ፣ ጎረቤቱ ወጣ፣ ማን እንደጠራቸው የማይታወቅ ሰዎችም ወጡ። ዘፈኑ ደመቀ፣ እስክስታው ጦፈ፣ ድልድይዋም ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች። ዘውዴ ዳር ቆሞ ከንፈሩን ነክሷል። ይሄኔ ፎቶ አንሺው ብሩኬ፣ እስክስታው አልበቃ ብሎት፣ ሦስት ስል ሁላችሁም ባንዴ ጃምፕ ታደርጋላችሁ አለ።

የዘውዴ ፊት አመድ መሰለ። አፉን ከፈተ፤ ልጁን አየና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ የአዲሱን ሱፍ ሱሪ ጠቀለለ፣ ወንዙ ውስጥ ገባ። ድልድይዋ ሥር ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጣውላውን ደገፈ። ውሃው ጉልበቱ ጋ እንኳ አይደርስም። ብሩኬ በትሕትና ከፍሬሙ እንዲወጣለት ለመነው፤ ዘውዴ ቃል አለበትና ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሰርገኛው ሊስቅበት ባንድ ወገን ተደፍቶ ቁልቁል ሲያይ ድልድይዋ ይብስ ጮኸች።

ሩሃማ ቬሎዋን ሰብስባ ወንዙ ዳር ወረደች።

"ፕሮሚስ አድርገህልኝ ነበር።"

"አንዲት ቃል ተናገርኩ?"

አልተናገረም። ታዲያ እዚህ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። እጁን ከጣውላው ሳያነሳ ወደ እሷ ዞረ።

"ያን ቀን አንቺም ነበርሽ" አላት። "ገና ሕፃን ነበርሽ። ከሰልፈኞቹ ጋር ካልተሻገርኩ ብለሽ ስታለቅሺ፣ የያዝኩሽ በአንድ እጄ ብቻ ነበር። በሌላው ፈንዲሻ ይዤ ነበር።"

ያን ሁሉ ዓመት ለአገር ምድሩ ሲያወራ ይህችን ዘሏት ኖሯል፤ የኔነሽ እንኳ አታውቅም።

"ዛሬ በሁለት እጄ ልያዝሽ ብዬ ነው" አላት።

ሙሽራዋ እንባዋን ጠረገች፤ ሜካፑ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከዚያ ቀና ብላ ሰርገኛውን ሁሉ አዘዘች።

"ሁላችሁም ውረዱ። አንድ ባንድ።"

ወረዱ። ባንክ ቤት ወረፋ የያዙ ይመስል አንዱ መሬት ሳይረግጥ ሌላው አልተነቃነቀም፤ አንዲት አክስት ብቻ በታኮ ጫማዋ እያማረረች።

እነ ዘውዴ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለው የሰርግ ፎቶ ላይ ድልድይዋ ባዶዋን ናት። ሙሽራዋ ቬሎዋ እንደራሰ ውሃው ውስጥ ቆማለች፤ አባቷም አንድ እጇን በሁለት እጁ ይዟል።