ቶጎጫሌ የቀረው ክንፍ

ይህ ነገር መጻፍ ያለበት መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። አንድም ቀን ከመሬት ያልተነሣ አውሮፕላን ምን ታሪክ አለው? የሠሩትም አባቴና ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ጥቂት ስፌት ብቻ ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ማደሪያችን አንዷ ልጅ የተላቀቀ የጫማ ሶሏን በማስቲሽ ስትለጥፍ ሽታው መጣና ከአልጋዬ አስነሣኝ። ልጅቷ ደንግጣ፣ «ውይ፣ ሸተተሽ አይደል? መስኮቱን ልክፈተው» አለችኝ። እኔ ግን በልቤ ጅግጅጋ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በጋለ ቆርቆሮ ጥላ ሥር መርፌ ይዤ ቆሜ ነበር። ትዕግሥት ካለዎት ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

አባቴ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች የሚበሩባቸውን አውሮፕላኖች ሲጠግን ኖሮ እሱ ራሱ አንድም ቀን አየር ላይ አልወጣም። መንግሥት ሲለወጥ እናቴ ወደተወለደችበት ወደ ጅግጅጋ መጣና የውኃ ፓምፕና የጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነ። ሰፈሩ «ባለሞተሩ» ይለው ነበር። እናቴ በረንዳችን ላይ በእግር መኪና ልብስ ትሰፋ ነበር፤ እኔም ከእሷ እጅ ስፌት የተማርኩት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው።

ያን ዓመት ቤታችን ውስጥ አንድ ፍርሃት ነበረ። ወንድሜ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤቱ ስላልመጣለት ቤት ውሎ ቤት ያድር ነበር። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ይጠፉ ነበር። በእኛ ከተማ ታህሪብ ይሉታል፤ ድንበር ተሻግሮ፣ በጀልባ ባሕር አቋርጦ፣ ለቤተሰብ ሳይናገሩ መሄድ ነው። የአንዱ ጓደኛው እናት ልጇ የሄደ ዕለት በባዶ እግሯ መናኸሪያው ድረስ ስትሮጥ አይተናታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ወንድሜ ለሽንት ሲወጣ እንኳ ስፌቷን አቁማ ታዳምጥ ነበር።

አውሮፕላኑ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ድንበሩ ላይ ባለችው በቶጎጫሌ አባቴ ፓምፕ የሚጠግንላት አንዲት የሩዝና የጄኔሬተር ነጋዴ ነበረች። ትልቅ ሴት ስለሆነች እኛ «ኤዶ» እንላታለን፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ከወዲያ ማዶ ባለቤት ያጣ ዕቃ ስትገዛ ውስጡ ሞተር ስላየች ጄኔሬተር መስሏት አምስት ረጃጅም ሳጥኖች ወስዳ ነበር። አባቴ አንዱን ከፍቶ ከሞተሩ ፊት የሚሽከረከረውን ኤሊካ ሲያይ እጁን ጠርጎ ዳሰሰው አሉ።

«ኤዶ፣ ይሄ ጄኔሬተር አይደለም። አውሮፕላን ነው፤ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም።»

«ወላሂ ፀሐይ መቶሃል!»

«አብሮት በመጣው የመገጣጠሚያ መጽሐፍ ላይ ተሥሏል፣ እይው።»

«በል ፓምፖቼን ሥራልኝና ይሄን ጣጣ ከመጋዘኔ አውጣልኝ።»

አባቴ የዚያን ቀን ቤት ሲገባ እጁን ሳይታጠብ ወንድሜ ፊት ቁጭ አለና «ሁለት ወንበር አለው» አለው። አውሮፕላኑን ማለቱ ነበር፤ አንዱ ወንበር የእሱ፣ አንዱ የወንድሜ። ወንድሜ ሳቀ። እናቴ ግን ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ልጇን ከታህሪብ የሚያስቀር ሥራ ተገኝቷላ።

በዚያ ድንበር ዕቃ በአንድ መኪና አይጫንም። ነጋዴው ሁሉ ያለውን በአራት በአምስት መኪና ይበትናል፤ አንዱ በጉምሩክ ቢያዝ ሌላው ያልፋል። ኤዶም እንደ ልማዷ ሳጥኖቹን በተለያየ ሳምንት፣ በተለያየ መኪና ላከች፤ አባቴም ልማዱ ነውና አልተቃወመም። ከሃያ ጆንያ ሩዝ አራቱ ቢቀር ሩዙ ሩዝ ነው። አውሮፕላን እንደዚያ አለመሆኑን ማናችንም አላሰብንም።

መጀመሪያ ሞተሩ መጣ፣ ከዚያ ጅራቱ፣ ከዚያ ሁለቱ ወንበሮች ያሉበት አካሉ፣ ከዚያ ቀኝ ክንፉ፤ ግራው ግን ቶጎጫሌ ቆየ። ግቢያችን የአሉሚኒየም ቱቦና የብሎን ክምር ሆነ። ወንድሜ እንግሊዝኛውን ያነባል፣ አባቴ ደግሞ ገና ሳይነበብለት እጁ ቦታውን ያገኘዋል። «አባዬ፣ ገጹን ሳልጨርስ እኮ አሰርከው!» እያለ ወንድሜ ይናደዳል። «መጽሐፉ ይድረስብኝ» ይላል አባቴ። እንደዚያ ሲሳሳቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የክንፉ ሸራ የእናቴና የእኔ ሥራ ነበር። ከሳጥኑ ጋር አንድ ትልቅ ጥቅል ክር መጥቷል፤ ነጭ፣ በሰም የታሸ፣ በጥርስ የማይበጠስ። እናቴ ረጅሙን በመኪና ትሰፋለች፣ እኔ ጠርዙን በእጅ እይዛለሁ፣ ወንድሜ በማስቲሽ ይለጥፋል። የሁለቱንም ክንፎች ልብስ ጨረስን፤ የግራው ልብስ ገላውን እየጠበቀ ተጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ።

ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣ ነበር። «ባለሞተሩ፣ አንድ ክንፍ ያላት ዶሮ እንቁላል ትጥላለች?» ይሉታል። አንድ ቀን የቀበሌው ተወካይም መጣና ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ይበራል?»

«በአንድ ክንፍ?» አለው አባቴ።

ሰውየው ሳቁን ዋጠው። «እንግዲህ በአንድ ክንፉ ይቆይ። ሁለተኛው ሲገጠም ግን ሳታሳውቁን እንዳታድሩ» ብሎ ሄደ።

የቀረውን ሳጥን እንዲያመጣ አባቴ ወንድሜን ቶጎጫሌ ሊልከው ወሰነ። መሄጃው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ሱሪውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። የማስቲሽ ሽታ ጣቶቹ ላይ ነበር።

«ሚጢ፣ ወገቡ ውስጥ ኪስ ትሠሪልኛለሽ? ከውጭ የማይታይ።»

«ለምን?»

«ቶጎጫሌ ሌባ አይጠፋም። ለማዬ አትንገሪያት፣ ትጨነቃለች።»

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ግን ሞኝ አልነበርኩም። ሳጥን ይዞ ማታ የሚመለስ ሰው የተደበቀ ኪስ አያስፈልገውም። ይህን በደንብ አውቄዋለሁ፣ ዛሬም ዕድሜዬን እንደ ሰበብ ላቀርብልዎት አልፈልግም። ነገር ግን ወንድሜ ከእናቴ ይልቅ እኔን ነበር የመረጠው፤ ጥሩ ስፌት ልሠራለት ፈለግኩ። ተራ ክር ይበጠሳል ብዬ የክንፉን ክር ቆረጥኩ። ድርብ አድርጌ ሰፋሁት። ጎትቶ ጎትቶ ሞከረውና ግንባሬን ሳመኝ።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ሄደ። ማታ አልመጣም። ዓርብ ኤዶ ደወለች፦ «ሳጥኑ እኔ ጋ አለ። ልጅህ ግን የለም።» ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በማናውቀው ቁጥር ተደወለና እናቴ አነሣችው። «ደህና ነኝ ማዬ። ቦሳሶ ነኝ። ከዚህ ሆኜ ባሕሩ ይታየኛል» አላት። መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም።

ኤዶ ሳጥኑን በሚቀጥለው መኪና ልላከው ብላ ጠየቀች። አባቴ እንቢ አለ። «የላክሁት ልጄን ነው። እሱ ያመጣዋል» አላት። በወሩም ጠየቀችው፤ በዓመቱም። መልሱ ያው ነበር።

አውሮፕላኑ በአንድ ክንፉ አራት ዓመት ግቢያችን ቆመ። የጅግጅጋን ነፋስ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ከሜዳው አቧራ ይዞ ይነሣል። የቀኝ ክንፉን ከሥር ሲያነሣው አውሮፕላኑ ወደ ግራ፣ ወደ ባዶው ወገኑ ያዘነብልና ሲጢጥ ይላል፤ ነፋሱ ሲያርፍ ደግሞ ይመለሳል። ድምፁ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ወጥቶ የተቀመጠ ያስመስለዋል። ሁላችንም ቀና እንላለን። እናቴ ጠዋት ጠዋት የሁለተኛውን ወንበር አቧራ ትጠርግ ነበር፤ የአባቴን ወንበር አትነካም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ላለማለፍ በጓሮ እዞር ነበር። ስለ ኪሱ ለማንም አልተናገርኩም። ሊጠይቀኝ ይችላል ብዬ የፈራሁት አባቴን ነበር፤ እሱ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

ከአራት ዓመት በኋላ ኤዶ ሱቋን ዘግታ ሀርጌሳ ልጇ ጋ ልትገባ ሆነ። አንድ ቀትር ላይ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመ፤ ጣሪያው ላይ ሳጥኑ ታስሯል፤ እሷ በከዘራ ወረደች። «ይሄን የሰው አደራ ይዤ አልቀበርም» አለች፤ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

አባቴ ሳጥኑን ዙሪያውን አየው። የታሰረበትን ገመድ ቋጠሮ ወንድሜ እንደሠራው ያወቀው ወዲያው ነው፤ ያን አስተሳሰር ያስተማረው ራሱ ነበር። ቢላዋ አቀበልኩት። አልተቀበለኝም። ተንበርክኮ በጣቶቹ ይፈታው ጀመር፤ ገመዱ ደርቆ ስለነበር ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ኤዶ በረንዳው ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ታንቀሳቅስ ነበር።

ክንፉ ደህና ነበር። ጫፉ እንዳይጋጭ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እናቴ ጨርቁን ፈታችና ጮኸች። የወንድሜ ሱሪ ነበር።

«ሽርጥ ከእኔ ሱቅ ገዛ» አለች ኤዶ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ድንበር ላይ ሱሪ የለበሰውን ቀድመው ይፈትሹታል አለኝ። ለምን እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ ለዚያ ነው ያልጠየቅሁት።»

አባቴ ሱሪውን ከእናቴ እጅ ወሰደ። ወገቡን ገለበጠው። ኪሱ እዚያው ነበር፤ ባዶ። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና ቀና ብሎ አየኝ።

«የክንፉ ክር ነው» አለ።

«አዎ» አልኩት።

እንደገና ጎተተው፤ ወንድሜ እንደጎተተው። «ጥሩ ስፌት ነው» አለ። «አይተረተርም።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ የግራውን ክንፍ ገጠመው። ቁም ሣጥን ውስጥ አራት ዓመት የተኛውን ልብስ እናቴና እኔ አለበስነው፤ በወንድሜ ፈንታ ማስቲሹን የቀባሁት እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ ሁለት ክንፍ ኖረው። አባቴ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ «ነይ» አለኝ። እናቴን አየኋት፤ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠችኝ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ መርገጫውን አልደረሰም፤ ወንበሩ የተስተካከለው ለወንድሜ ቁመት ነበር። ነፋሱ እንደ ልማዱ መጣ። ሁለቱም ክንፎች እኩል ተነሡ፣ እኩል አረፉ። ሲጢጥታው አልተሰማም። በአራት ዓመት ውስጥ ግቢያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ አባቴም ያኔ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በማግስቱ ተወካዩ እንዳዘዘው ቀበሌ ሄዶ አሳወቀ። ከዚያም ድሬዳዋ ላለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ፣ ልጆች ይማሩበት ብሎ ሰጠው። ብሎን በብሎን ፈቶ ወደ አምስቱ ሳጥኖች መለሰው። የመጣው የጭነት መኪና ሹፌር ቦታ ጠቦት፣ «ጋሼ፣ ክንፎቹን ነገ ሌላ መኪና ያምጣቸው» አለው። አባቴ የመኪናው በር ላይ እጁን አኖረ።

«በአንድ መኪና ይሄዳል። አይበተንም።»

ሹፌሩ ቢያጉረመርምም የራሱን ጭነት አውርዶ አምስቱንም ጫነ። ሱሪው ግን ከእኛ ጋር ቀረ፤ እናቴ አጥባ፣ ተኩሳ፣ የክንፉ ልብስ በነበረበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። መኪናው ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ታጠፈና ከዓይናችን ጠፋ። ቅዳሜ፣ ሰኔ 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር።