ቅጠል የሚሰፋው ትል

በመንዝ ደጋ ስለ ኩሬ ትል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር አልነበረም፤ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የውሃ ላይ ቅጠል የሚበላውን ትል ያገኘሁትም እኔ ነኝ። ሁለት ቁራጭ ቅጠል በገዛ ክሩ ሰፍቶ መሃሉ ይኖራል፤ ኋላ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። የሚገኝባቸውን ኩሬዎች በደብተሬ ነድፌ በነጥብ አመልክቼ ነበር።

ያሳሰረኝ ያ ደብተር ነው። «የታጣቂ መደበቂያ ካርታ ነው» ተባለ።

የታሰርኩበት ክፍል እርጥብ የበግ ጠጉር ይሸታል። አሥራ አንድ ነበርን፤ ተራ በተራ እንተኛለን። አልፈራሁም፤ ምስክር አለኝ። የጽዋ ማኅበር ወንድሜ ነው፤ ወደ ኩሬው ሳጎነብስ የወገቤን ገመድ የሚይዝልኝ እሱ ነው። «የትል ደብተር ነው» ካለልኝ እፈታለሁ።

መርማሪው ከቤቴ ያመጣውን ጠርሙስ ቢሮው መስኮት ላይ አስቀምጦታል።

«አባባ፣ ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው?»

«ትል ነው። ሰሞኑን ክንፍ ያወጣል።»

«እርስዎም አብረው ይብረሩዋ!»

ሳቀብኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሲያስጠሩኝ፣ ነጣ ያለች የእሳት እራት ጠርሙሱ ውስጥ ክንፏን ታደርቃለች። መርማሪው አልሳቀም።

«እውነትዎን ነው ለካ። እንግዲህ ምስክርዎ ይናገርና ይለይልን።»

ወንድሜ ገባ። ገመዱ ያሻከረውን መዳፉን ጋቢው ውስጥ ደብቋል።

«ይህን ደብተር ያውቁታል?»

«አላውቀውም።»

«አብረው አልዞሩም?»

«ከብት ሳጠጣ አይቼዋለሁ። የሚጽፈውን አላውቅም።»

መርማሪው እንኳ የእሳት እራቷንና እሱን አፈራርቆ አየ።

ወንድሜ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። «ልጆች አሉኝ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ኩሬው ውስጥ ብትለቀኝ ይሻል ነበር» አልኩት።

ከዚያ ወረቀት ቀረበልኝ። ካርታ ነው ብዬ ከፈረምኩ በምክር እለቀቃለሁ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ «የትል ደብተር ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ትሉንም ሣልኩበት፤ አንድ እግር አላጎደልኩም። ሁለት ወር ተጨመረብኝ።

ዛሬም በማኅበሩ ቀን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ጽዋው ከእሱ እጅ ሲደርሰኝ እቀበላለሁ፤ ዓይኑን ግን አላይም።

እኔ ግን ይህን አድርጌያለሁ፦ በሐሰት አልፈረምኩም። አብረውኝ ከታሰሩት ሦስቱን ፊደል አስቆጥሬያለሁ። የተወሰደብኝን ደብተር በቃሌ እንደገና ጽፌያለሁ፤ ያውም ሁለት ኩሬ ጨምሬ። ገመዱንም ከድንጋይ ጋር አስሬ ብቻዬን መውረድ ተምሬያለሁ።